ከመተማ ወዲህና ወዲያ፦ ሁለት ሴት ዋና ዳኞች

ከመተማ ገላባት መሻገር በእግር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከዚያ ድንበር ወዲህና ወዲያ ያሉት አገሮች፣ ኢትዮጵያና ሱዳን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የፍርድ ቤታቸውን የበላይ ወንበር ለሴት ሰጥተው ነበር። በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ ባለው ሐበሻ ዘንድ እንኳ ብዙ አልተወራለትም።

መዓዛ አሸናፊ የአሶሳ ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም ድንበር ያውቃሉ። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ፣ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ ሆኑ። ማኅበሩን ያስጠራው የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ነው፤ በ14 ዓመቷ ተጠልፋ፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ልጅቱ ግን በግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ ለቀቃት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ነው። ያ የጋብቻ ማምለጫ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀርቷል።

መዓዛ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሱዳን ተነሣች። አትባራ ላይ በዳቦ ዋጋ የተቀሰቀሰው ሰልፍ በማግስቱ ገዳሪፍ ደረሰ፤ ከተማዋም ልጆቿን ቀበረች። ፕሬዚዳንት አልበሽር ከወደቁ በኋላም ሰልፉ አልቆመም፤ ካርቱም ላይ የወጣው ሕዝብ ዋና ዳኛ ይሾምልን አለ። ለዳኛ ሹመት አደባባይ የሚወጣ ሕዝብ የት ይገኛል? መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም ኒዕማት አብደላ ኸይር የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ ሆኑ።

መዓዛ ጥር 2015 ዓ.ም በራሳቸው ጥያቄ ሲለቁ፣ በዘመናቸው የወጡት የዳኝነት አስተዳደርና የፍርድ ቤቶች አዋጆች፣ ቁጥር 1233 እና 1234፣ በሥራ ላይ ነበሩ። ኒዕማትን ግን ግንቦት 2013 ዓ.ም ያነሣቸው ወታደርና ሲቪል አብረው የተቀመጡበት ሉዓላዊ ምክር ቤት ነው። ሰልፈኞችን የገደሉት ለፍርድ አልቀረቡም የሚለው ቁጣ በርትቶ ነበርና ሕዝቡ ቅር በመሰኘቱ አይፈረድበትም። ዳኛን ወታደር በሚመራው ምክር ቤት ውሳኔ ማንሣት ግን ለዚያ ቁጣ መልስ አልነበረም። ዳኛን የሚሾምና የሚሽር፣ ከመሣሪያ የራቀ የዳኞች ጉባኤ አስቀድሞ መቋቋም ነበረበት፤ በጊዜው አልተቋቋመም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም፣ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ጄኔራል ምክር ቤቱንም መንግሥቱንም በተኑ።