ባሕሩ ሲሸሽና ሲመለስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዛንዚባር ለሚጓዝ ቤተሰብ

በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ጉዞ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሐጅና ዑምራ፣ ዘመድ ጥየቃ ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር መሄድ ነው። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ለዕረፍት ብቻ ድንበር መሻገራቸው ገና እየተለመደ ያለ ነገር ነው። ገንዘቡ ለዓመታት የተጠራቀመ፣ ምናልባትም የዕቁብ ዕጣ የወጣበት ሲሆን፣ ሄዶ አይቶ የሚመክር ሰው ግን በአካባቢው በቀላሉ አይገኝም። አስጎብኚዎች የሚያሳዩት ፎቶግራፍ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ የኮኮናት ዛፍ። ፎቶግራፉ ውሸት አይደለም። ይሁንና ያ ውኃ በቀኑ ስንት ሰዓት ላይ እዚያ እንደሚገኝ፣ በየትኛው ወር ነፋስ እንደሚያናውጠው፣ እናት ሒጃቧን ሳትጥል ከልጆቿ ጋር የምትገባበት ሥፍራ ይኑር አይኑር አይናገርም።

እኛ ሁለት ቤተሰብ ሆነን፣ አንዲት አዛውንት እናት ጨምረን የሄድነው ወደ ዛንዚባር ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሲበሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ አዛን በየሰፈሩ ይሰማል፤ ሥጋው ሐላል ነው። ቂብላው እንኳ እንደ አዲስ አበባው ሁሉ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለሚወጣ ቤተሰብ እንዲህ ያለው ቅርበት ብዙ ጭንቀት ያቀላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሆቴሉ ሳይሆን ወሩ ነው። በዛንዚባር ትልቁ ዝናብ፣ እነርሱ ማሲካ የሚሉት፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። በዚያ ወቅት በርካታ ማረፊያዎች በራቸውን ይዘጋሉ። ቩሊ የሚባለው ትንሹ ዝናብ ደግሞ በኅዳር አካባቢ ይበረታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ደረቅና ነፋሻ ነው። እንግዲህ እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ልጆች ቤት ውስጥ በሚታሰሩበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ፀሐይ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገር ግን አውሮፓውያንም በዚሁ ወቅት ስለሚጎርፉ ዋጋው ይወጣል። የቻለ ሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ ወይም ጳጉሜን አካባቢ ቢሄድ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜም ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከበድ ይላል።

ረመዷንም መታሰብ አለበት። በ2027 እ.ኤ.አ. ጾሙ የካቲት ሲገባ አካባቢ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል፤ ይኸውም በዚያ ደረቅ ወቅት ውስጥ መሆኑ ነው። በረመዷን ከተማው ቀን ላይ ጭር ይላል፤ አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች እስከ መግሪብ ዝግ ናቸው። የጾሙን ድባብ በሌላ አገር ማየት ለሚፈልግ መልካም ነው፤ ለትናንሽ ልጆች ምሳ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ያስቸግራል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ። እኛ ባሕር የሌለን አገር ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን የሚያውቁት ውኃ ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ ቦታውን ለቆ አይሄድም። የህንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ባዶ አሸዋ ትቶ ይሄዳል። ይህን ሳያውቅ የመጣ እንግዳ ጠዋት በሩን ከፍቶ ባሕሩን ሲያጣ ተታለልኩ ይላል። የተታለለ የለም፤ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ውኃው ደጁ ላይ ይደርሳል። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር ነገ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ይሞላል።

እዚህ ላይ ሙስሊም ቤተሰብ በቤቱ ግድግዳ የሰቀለው የሒጅራ መቁጠሪያ ይጠቅመዋል። ባሕሩን የሚስቡት በዋነኛነት ጨረቃ፣ ቀጥሎም ፀሐይ ናቸው። ወሩ ሲገባና ጨረቃዋ ስትሞላ ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚስቡ ውኃው አብዝቶ ይወጣል፣ አብዝቶም ይወርዳል፤ በዛንዚባር ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በወሩ 8ኛና 23ኛ ቀን አካባቢ ደግሞ መውጣቱም መውረዱም ይለዝባል። ስለዚህ ልጆቹ እንዲዋኙ የሚፈልግ ሰው ጉዞውን በእነዚህ ለዘብ ባሉ ቀናት ዙሪያ ቢያደርግ ይሻላል። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን ዓለም ማየት የሚፈልግ ደግሞ የወሩን መግቢያ ወይም የጨረቃዋን ሙላት ይምረጥ። የየዕለቱን ሰዓት ሆቴሎችም ዓሣ አጥማጆችም ያውቁታል፤ በደረሱበት ዕለት መጠየቅ ነው።

ውኃው በሸሸበት ሰዓት በጃምቢያኒ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በእንጨት ችካልና በገመድ የሚያለሙትን የባሕር አረም ሊሰበስቡ ይገባሉ። ልጆችም ከኋላ ከኋላ መሄድ ያምራቸዋል። አደጋው ያለው እዚህ ነው። ውኃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ አስቀድሞ ዝቅ ያሉትን ቦዮች ሞልቶ በጀርባ ይዞራል። ወደ ኮራሉ አለት ርቆ የሄደ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ያልነካው ውኃ ሲመለስ ወገቡን ሊይዘው ይችላል። በአብዛኛው ዳርቻ ዋናተኛ ጠባቂ የለም። ስለዚህ ውኃው መመለስ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ልጅ ደረቅ መሬት ላይ ይሁን፤ ዋና የማይችል ልጅ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ከአገሩ ይዞ ይሂድ፤ ሁልጊዜም አንድ አዋቂ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ዓይኑን ባሕሩ ላይ ያድርግ። ድንጋዩ መሐል እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር እንስሳ ስላለ የጎማ ጫማም ያስፈልጋል።

አብረውን የነበሩት እናት ባሕር ያዩት በሰባ ዓመታቸው ነው። ቀስ ብለው ገብተው ውዱእ አደረጉበት፤ ሲጉመጠመጡ ጨዉ ከበዳቸውና ሳቁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዐስር ሶላትን ሰግደው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ይቀመጡ ነበር።

የት እንረፍ ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕሩ ብዙም ስለማይሸሽባቸው ቀኑን ሙሉ ለዋና ይመቻሉ። በሐምሌና በነሐሴ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ምሥራቁን ዳርቻ ሲመታም በዚያ በኩል ውኃው ይረጋጋል። ነገር ግን የቱሪስት ብዛት፣ የመጠጥ ቤትና የሌሊት ሙዚቃ የሚበዛውም በዚያው ነው። በምሥራቅ ያሉት መንደሮች ጸጥታ አላቸው፤ ለዚያ ጸጥታ የሚከፈለው ባሕሩን መጠበቅ ነው። እኛ ትናንሽ ልጆች ላሉት፣ በሐምሌ ለሚሄድ ቤተሰብ ሰሜኑን እንመርጣለን፤ ከመንደሩ መሐል ራቅ ያለ፣ የራሱ ግቢ ያለው ቤት በመከራየት። ከፍ ያሉ ልጆች ላሏቸው ግን ጃምቢያኒ ይበልጣል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ መጠጥ ይሸጣል ወይ? ወጥ ቤቱ ሐላል ያልሆነ ነገር ያስገባል ወይ? ሴቶች ሙሉ ልብስ ለብሰው ገንዳው ውስጥ እንዲዋኙ ይፈቀዳል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ሙስሊም አገር ውስጥ የሚገርም ይመስላል፤ ሆኖም ሆቴሎቹ ብዙዎቹ የውጭ ባለሀብት ናቸውና መጠየቁ አይከፋም። ባሕሩ ላይ ግን የአገሩ ሴቶች ራሳቸው ከነልብሳቸው ስለሚገቡ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ ሁለት ሁለት ይያዝ።

ወረቀቱን በአጭሩ እንለፈው። ቪዛ ሳይጨርሱ ትኬት አይቁረጡ፤ ደንቡ ስለሚቀያየር አዲስ አበባ ያለውን የታንዛንያ ኤምባሲ ይጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድና ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ አለበት፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሁሉ ይጠየቃል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል፤ ሲጀመር ዋጋው ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነበር። ለትልቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለምና ከበጀቱ ውስጥ አስቀድሞ ይግባ። ብር እዚያ አይመነዘርም። የዶላር ኖት አዲስና ያልተቀደደ ይሁን፤ የቆዩ ኖቶችን መንዛሪዎች አይቀበሉም። ከ2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ ግብይት በውጭ ገንዘብ መክፈል በሕግ ስለተከለከለ እንደደረሱ ወደ ሽልንግ መመንዘር ይገባል። ወባ በደሴቲቱ ቢቀንስም አልጠፋም፤ ደገኛ ሰው ሰውነቱ አልለመደውምና ሐኪም አማክሮ መድኃኒት ይያዝ፣ አልጋው አጎበር እንዳለው ያረጋግጥ። የቧንቧ ውኃ አይጠጣ። መኪና በግራ በኩል ስለሚነዳ ልጆች መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እንዲያዩ ማስተማር ያስፈልጋል።

የሰዓቱ ነገር ያስደስታል። ስዋሂሊዎች እንደ እኛው ቀኑን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ሾፌሩ «ሳ ምቢሊ» ሲል ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ የእኛው ሁለት ሰዓት። አውሮፓዊው እንግዳ ግራ ሲጋባ ኢትዮጵያዊው ልጅ ወዲያው ይገባዋል። የመርከብና የአውሮፕላን ትኬት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ቋንቋውም ብዙ የዐረብኛ ቃል ስላለበት ስኳሩ «ሱካሪ»፣ ሳህኑ «ሳሃኒ»፣ ሻዩ «ቻይ» ነው። ለታላቅ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፤ መልሱ «ማራሃባ» ነው። ልጆቻችን ይህችን አንድ ቃል ስላወቁ ብቻ ከየሱቁ ብርቱካንና ማንጎ ተሰጥቷቸዋል።

ከሰባት ቀን ሁለቱን ለስቶን ታውን መስጠት ይገባል። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አሮጌ ከተማ ነው፤ የሐረር ጁገልን ጠባብ መንገዶች የረገጠ ሰው እንግድነት አይሰማውም። በሮቹ በቅርጽና በነሐስ ያጌጡ ናቸው። ሱልጣን በርጋሽ በ1883 ያሠሩት ቤተል አጃኢብ በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ተደርምሷል። የኦማን ሱልጣኖች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቅርንፉድ ያስተከሉባትና ሀብት ያካበቱባት ይህች ደሴት የባሪያ ንግድ ገበያም ነበረች። ገበያው በእንግሊዞች ግፊት በ1873 ተዘግቶ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል፤ ባርነት በሕግ የተሻረው ግን በ1897 ነው። ነጋዴዎቹም ገዥዎቹም ሙስሊሞች ነበሩ። ከፍ ያሉ ልጆችን ወስዶ ይህን በግልጽ መንገር ወላጅን የሚያሳፍር ሳይሆን ከወላጅ የሚጠበቅ ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ኪዚምካዚ ላይ ሚሕራቡ በ500 ዓመተ ሒጅራ የተጻፈ የኩፊ ጽሕፈት ያለበትን መስጊድ ያገኛል፤ ይኸውም 1107 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። መስጊዱ አሁንም ይሰገድበታል፤ ጠባቂውን አስፈቅዶ መግባት ነው። በዚያው መንገድ ላይ ጆዛኒ ጫካ ሲኖር፣ ከዛንዚባር ደሴቶች በቀር በዓለም የትም የማይገኙ ቀይ ጉሬዛዎች አሉበት። ልጆች ከባሕሩ ቀጥሎ የሚያስታውሱት እነርሱን ነው።

ምግቡ አያስቸግርም፤ ፒላው፣ ቻፓቲ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ። የኦክቶፐሱን እግር አይቶ የሚሸሽ ልጅ ማንዳዚ በሻይ ይበላል፤ እንደ እኛ ቦንቦሊኖ ነው። ከመግሪብ በኋላ ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ ምግብ ሻጮች መብራታቸውን አብርተው ይሰለፋሉ። ከመብላት በፊት ዋጋ መጠየቅ፣ ትኩስ ሲጠበስ ያዩትን መምረጥ ነው። የሸንኮራ ጭማቂው በዝንጅብልና በሎሚ ይጨመቃል።

ለስጦታ ካንጋ ይሻላል። ጥንድ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን ከታችኛው ጠርዙ አጠገብ በስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል። ባለሱቁን ትርጉሙን ሳይጠይቁ አይግዙ፤ ለጎረቤት የሚወረወር ሽሙጥ የተጻፈበትም አለና ለአማት የሚወሰደው ተለይቶ ይመረጥ።