ሄዶ የሚመለስ ክር፦ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ቪብራቶ

በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቪብራቶ የሚባለው መሣሪያ ተጫዋቹ በቀኝ እጁ ይዞ በሚያንቀሳቅሰው አጭር ዘንግ አማካይነት የስድስቱንም ክሮች ውጥረት በአንድ ጊዜ የሚያላላና የሚያጠብቅ፣ በዚህም ድምፁን ከቀጭን ወደ ወፍራም፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚያወዛውዝ የብረት ሥራ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ ጫፍ አንዲቷን ክር እያርገበገበ የሚያገኘውን የድምፅ ውዝዋዜ፣ የጊታር ተጫዋች በዚህ መሣሪያ በስድስቱም ክሮች ላይ በአንድ ጊዜ ያገኘዋል። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ለወጣው ስትራቶካስተር ጊታር የነደፈውን መሣሪያ ትሬሞሎ ብሎ በመሰየሙ ሁለቱ ስሞች እስከ ዛሬ ተደባልቀው ይነገራሉ፤ ይሁን እንጂ በሙዚቃ ትምህርት ትሬሞሎ የድምፁ ጉልህነት ከፍና ዝቅ ማለት ሲሆን፣ የቅጥነቱና የውፍረቱ መወዛወዝ ቪብራቶ ነው።

ይህን መሣሪያ በተሻለ ለመተካት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባው ነገር ከታሪኩ ይገኛል። ዶክ ካውፍማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 የባለቤትነት መብት የጠየቀበት ቀዳሚ ቪብራቶ ድምፁን ማወዛወዙ ባይቀርም ጊታሩን ከቅኝት ያወጣው ነበር፤ ታዋቂው ተጫዋች መርል ትራቪስም በዚህ ችግር በመማረሩ፣ በካሊፎርኒያ በሞተር ሳይክልና በብረት ሥራ የተካነው ፖል ቢግስቢ እንዲያስተካክልለት ጠየቀው። ቢግስቢ አሮጌውን ከመጠገን ይልቅ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን አዲስ መሣሪያ ሠራ። ድምፅን ማወዛወዝ ቀድሞም የተቻለ ነገር ስለነበረ፣ አስቸጋሪው ጉዳይ ከመነሻው ጀምሮ ክሩን ወደ ነበረበት መመለስ ነበር ማለት ነው።

የመመለሱ ነገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ በቁጥር ማየት ይቻላል። የክር ድግግሞሽ፣ ማለትም ክሩ በአንድ ሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት፣ ከውጥረቱ ካሬ ሥር ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ድምፁን በግማሽ ቶን ዝቅ ለማድረግ ውጥረቱን በ11 በመቶ ገደማ ማላላት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ክሩ ሲመለስ ከመጀመሪያው ውጥረቱ 1 በመቶ ብቻ ቢጎድለው፣ ድምፁ ከግማሽ ቶን አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ይህም ከሌሎቹ ክሮች ጋር በኅብር ሲመታ የለመደ ጆሮን የሚያውክ ስሕተት ነው።

ያቺን 1 በመቶ የሚያስቀራት ሰበቃ ነው። በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ ቀጥሎ፣ ስድስት ቀጫጭን ቦዮች የተፈለፈሉባት ነት የምትባል ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ዘንጉ ወደ ታች ሲጫን ክሩ በቦዩ ውስጥ ጥቂት ይንሸራተታል፣ ሲለቀቅ ደግሞ በዚያው መንገድ መመለስ ይኖርበታል። ቦዩ ከክሩ ውፍረት ከጠበበ ወይም ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ክሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይያዛል፤ መቃኛው በዝግታ ሲዞር ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ሳይለወጥ ቆይቶ በድንገት ጠቅ ብሎ የሚዘለውም ስለዚህ ነው። እንደ ሌስ ፖል ባሉ፣ መቃኛዎቻቸው ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ በተደረደሩ ጊታሮች ላይ የመካከለኞቹ ክሮች ከነቷ ሲወጡ ወደ ጎን ስለሚታጠፉ፣ ችግሩ በተለይ በሦስተኛው ክር ላይ ይበረታል።

ሁለተኛው የሰበቃ ቦታ ክሮቹ በአካሉ ላይ የሚያርፉበት ብሪጅ ነው። በቢግስቢ መሣሪያ የክሮቹ ጫፍ የሚታሰረው በሚሽከረከር በትር ላይ በመሆኑ በትሩ በዞረ ቁጥር ክሮቹ በብሪጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሳባሉ፤ ቢ5 እና ቢ7 በተባሉት ዓይነቶች ላይ ደግሞ ክሮቹን ወደ ታች የሚጫን ተጨማሪ በትር ስላለ ክሩ አንድ ተጨማሪ መታጠፊያ ያልፋል። ክሩን በትናንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚያሳርፍ ብሪጅ ብዙ ጊዜ ከዋናው መሣሪያ የማይተናነስ ለውጥ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በስትራቶካስተር ላይ ነገሩ የሚዛን ጉዳይም ይሆናል። በአካሉ ጀርባ የተዘረጉት ሞላዎች በአንድ በኩል፣ ስድስቱ ክሮች በሌላ በኩል እየሳቡ ብሪጁን በመካከል ስለሚያቆሙት፣ ክሮቹን በወፈሩ የሚተካ ሰው ሞላ መጨመር ወይም ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ማጥበቅ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ብቅ ያለው የፍሎይድ ሮዝ መሣሪያ ክሩን በነቷም በብሪጁም ላይ በብሎን ቆልፎ መንሸራተቱን ከሥሩ አስቀርቶታል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የጊታሩን እንጨት መፈልፈል ይጠይቃል፣ ክር መቀየርንም ረጅም ሥራ ያደርገዋል።

የእንጨቱ ነገር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሙዚቀኛው ኒል ያንግ ለአሥርት ዓመታት የተጫወተበት፣ እ.ኤ.አ. የ1953 ሌስ ፖል ቢግስቢ የተገጠመው ኋላ ነው፤ ስለዚህ ያለ ቪብራቶ የተወለደ ጊታር በኋላ ቢሰጠው ነውር የለበትም። ሆኖም አንድ ጊዜ የተበሳ እንጨት ቢደፈንም እንዳልተበሳ አይሆንም፣ የቆየ ጊታርም ቀዳዳ በበዛበት መጠን ዋጋው ይወርዳል፤ በነበሩት ብሎኖች ላይ ያለ ቀዳዳ የሚታሰር መያዣ በገበያ እያለ መብሻ ማንሳት ለመጨረሻ የሚቀመጥ ውሳኔ መሆን አለበት።

እንግዲህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ ነው፤ በመጀመሪያ የነቷን ቦዮች በባለሙያ ማስተካከልና በመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ማለስለስ፣ ቀጥሎ ብሪጁን መመርመር፣ ከዚያ ሞላዎቹን ማመዛዘን፣ በመጨረሻም፣ አሁንም ካስፈለገ፣ መሣሪያውን መተካት። አዲስ መሣሪያ በአሮጌ ሰበቃ ላይ ከተገጠመ የሚለወጠው የብረቱ መልክ ብቻ ነው። የጥሩ ቪብራቶ መለኪያው ዘንጉ ተጭኖ ሲለቀቅ ክሩ የተቃኘበትን ድምፅ መልሶ መስጠቱ ነው።