የእጣቢው ውሃ

ልጆች ሆይ፤ በልጅነቴ የሠራሁትን አንድ ጥፋትና ከእርሱም የተማርሁትን ልነግራችሁ እወዳለሁ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ስለ አንድ መደብ ጎመንና ስለ ጥቂት ውሃ ነው። ነገር ግን የሰው ጠባይ ከትልቁ ሥራ ይልቅ በትንሹ ይታወቃል።

ያደግሁት በላሊበላ ነው። ላሊበላ በላስታ ደጋ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ከተማ ነው፤ በአቅራቢያውም ቁመቱ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። መሬቱ ድንጋያማ፣ ክረምቱም አጭር ነው። ዋናው ዝናም በሰኔ ይገባና በመስከረም ይወጣል፤ የበልግ ዝናም ግን አንዳንድ ዓመት ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ በዚያ አገር ውሃ እንደ እህል ይቆጠባል።

አያቴ ይኖሩባት የነበረችው ቤት ግድግዳዋ በድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነበረች። ከኋላዋም ከአንድ አውድማ የማይበልጥ ጓሮ ነበረ። ጓሮው ትንሽ ሲሆን የሚሰጠው ብዙ ነበረ። በአጥሩ ዳር ለጠላ የሚሆን ጌሾ፤ በደጁ አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ፤ በመካከሉ የጎመን፣ የነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ መደብ፤ ፍግ በተከማቸበት ሥፍራ ዱባ፤ በማዕዘኑም አንድ የኮክ ዛፍ ነበረ።

በዚያ ጓሮ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች እንደ ነበሩ ያወቅሁት በትምህርት ቤት ነው። ቃሪያና ዱባ የዘር አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ኮክም ከቻይና የወጣ ነው። የሐበሻ ጎመን ግን የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ ነው። ዘር ከእጅ ወደ እጅ እየተሰጠ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ እስከ አያቴ ጓሮ ደረሰ። የሚሰጥ ሰው ባይኖር ኖሮ ባልደረሰም ነበር።

አያቴ ማንበብ አያውቁም ነበር፤ የአትክልትን ጠባይ ግን አጥርተው ያውቁ ነበር። «ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ሳይበሰብስ አትጣለው» ይሉኝ ነበር። ጎመንን ከታች ከታች ቅጠሉን ይቀነጥሱታል እንጂ ከነሥሩ አይነቅሉትም ነበር፤ እንዲህ የተያዘ ጎመን ከአናቱ እያቆጠቆጠ ብዙ ወራት ይመግባልና። ተባይ ባዩ ጊዜ ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ አመድ ይነሰንሱበት ነበር። ውሃ የሚያጠጡት በምሽት ነው፤ በቀትር ያፈሰሱትን ፀሐይ ይጠጣዋልና። አፈሩም እንዳይደርቅ በግንዱ ዙሪያ ገለባ ያለብሱ ነበር።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ግን ጓሮው ይጨነቅ ነበር። ይህ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ሰማዩ ደረቅ በሆነበት በበጋው ወራት ነው። በጾም ሥጋና ወተት ስለማይበላ ጎመንና ሽሮ የቤቱ ወጥ ናቸው። ጎመን እጅግ የሚፈለገው ውሃ እጅግ በጠፋ ጊዜ ነው ማለት ነው። ውሃውን ታላቅ እኅቴ በእንስራ አዝላ ከምንጭ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ታመጣ ነበር። ስለዚህ ለጓሮው የሚተርፍ ንጹሕ ውሃ አልነበረም። እህልና ዕቃ የታጠበበት እጣቢ ግን አፉ በተሸረፈ ገንቦ ይጠራቀም ነበር። ያንን በየማታው በቅል እየቀዳሁ በጎመኑ ሥር ማፍሰስ የእኔ ሥራ ነበረ።

ዐሥር ዓመት በሆነኝ ጊዜ፣ በዚያው በጾም ወራት፣ ጓደኞቼ ማታ ማታ የጨርቅ ኳስ ሊጫወቱ ይጠሩኝ ጀመር። ሃያ አምስት እግር ጎመን አንድ በአንድ ማጠጣት ጊዜ ይፈጃል። እኔም ገንቦውን አንሥቼ ከአጥሩ ውጭ በድንጋዩ መካከል ገለበጥሁትና ሮጥሁ። በተመለስሁም ጊዜ አያቴ «አጠጣህን?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን እማማ፤ አጠጥቻለሁ» አልሁ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግሁ፤ ሁለት ሳምንት ያህልም እንዲሁ አደረግሁ። የመጀመሪያው ቀን ሐሰት ከበደኝ፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ቀለለኝ።

ጎመኑ ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉም ተንጠለጠለ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆነች አንዲት መበለት ለልጆችዋ ጎመን ልትለምን መጣች። አያቴ ወደ ጓሮው ገብተው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው ከደጃቸው እንዲያው ሲመልሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው «ይቅርታ፣ እኅቴ፤ ዘንድሮ ጓሮዬ እንቢ አለኝ» አሏት። እኔም ይህን ሰምቼ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ አያቴ እጄን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ወሰዱኝ። አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ በዚያ በድንጋዩ መካከል ለምለም ሣር በቅሎ ነበር። «በዚህ በበጋ ይህን ሣር ማን አበቀለው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸውም «ልጄ፣ ውሃ አይዋሽም፤ በፈሰሰበት ቦታ ይመሰክራል» አሉኝ።

አልመቱኝም። ነገር ግን በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ከእኅቴ ጋር ወደ ምንጩ ሰደዱኝ። ትንሽ ገንቦ አዝዬ ዳገቱን ሳልፈጅ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ የውሃውም እኩሌታ በጀርባዬ ላይ ፈሰሰ። እኅቴ የእኔን ሦስት እጥፍ ተሸክማ ከፊቴ ትሄድ ነበር። እንስራዋን ባወረደች ጊዜ ገመዱ በትከሻዋ ላይ ያወጣውን ሠንበር አየሁ። ያን ጊዜ በድንጋይ ላይ የደፋሁት እጣቢ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ፤ የደፋሁት የእኅቴን ድካም ነበር። አልቅሼም «እቴ፣ ይቅር በይኝ» አልኋት። እርስዋም «እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ አንተ ግን የቀረውን ጎመን አድን» አለችኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድም ቀን ሳላጎድል አጠጣሁ። ከሃያ አምስቱ ዳግመኛ ያቆጠቆጡት ሰባት ብቻ ናቸው። ከሰባቱም አያቴ ሁለቱን፣ ይልቁንም የበረቱትን፣ «እነዚህ አይነኩም፤ ለዘር ናቸው» አሉ። እኔም «እማማ፣ እኛ ሳይበቃን ስለ ምን ይቀመጣል?» አልኋቸው። እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። እኔ ያን ጊዜ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥሬ በአንገቴ አሰርሁ። ርቦኝ ሳለ አልፈታሁትም። ዝናም በተመለሰ ጊዜ ከዚያ ቋጠሮ ስድስት ቤት ዘራ። ዘሩን የበላ ሰው የዛሬን ራት ያገኛል፤ የነገን ግን አጥፍቶታል።»

ዳግመኛም ወደ ቤተ ጊዮርጊስ እያመለከቱ «ያን ዓለት ከላይ ወደ ታች በመሮ የፈለፈሉ ሰዎች አንዲት ምት ቢስቱ የተቈረጠው ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልም ነበር። አትክልት ግን መሐሪ ነው፤ ሥሩ እስካልሞተ ድረስ የተመለሰውን ሰው ይቀበላል» አሉኝ።

በሰኔ ዝናም በገባ ጊዜ ከሁለቱ እግር የተገኘውን ዘር በእጄ ዘራሁ። ጎመኑ በደረሰም ጊዜ የመጀመሪያውን እቅፍ ወደዚያች መበለት ቤት ወሰድሁ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገርኋት። ዛሬ አያቴ የሉም፤ የጎመናቸው ዘር ግን በእኔ ጓሮ ይበቅላል።

እናንተም ልጆች፤ ጓሮአችሁ ጠባብ ቢሆን አትናቁት፤ አንድ እግር ጤና አዳምና አንድ መደብ ጎመን የማይበቅልበት ደጅ ጥቂት ነው። እጣቢውን አትድፉ፤ ከሰብሉም የተሻለውን ለዘር አስቀሩ፤ ለጎረቤትም አካፍሉ። ማንም ሳያየን የምናደርገው ሁሉ እንደዚያ ሣር አንድ ቀን በቅሎ ይታያል። ስለዚህ ውሃችንን በሚገባው ሥር እናፍስስ።