ከሐይቁ ማዶ የነበረችው ፀሐይ

አባቴን ዋሽቻቸዋለሁ። በወቅቱ ነገር ለማብረድ የተነገረች ትንሽ ቃል መስላኝ ነበር። እሳቸው እውነቱን ሳያውቁ አለፉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን የምጽፈው፣ እንደ እኔ በሰው አገር እየኖረ ወላጁን ለዕረፍት የሚያስመጣ ወገን ሁሉ የእኔን ጥፋት እንዳይደግም ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሮም በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ብራቻኖ ሐይቅ ላይ ነው። ጥንት እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ የተኛ፣ ስፋቱ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ውሃ ነው። ለሮም የመጠጥ ውሃ መጠባበቂያ በመሆኑ ሰው በግል የሞተር ጀልባ እንዲሄድበት አይፈቀድም። ስለዚህ በሐምሌ ሙቀት ከተማው ሁሉ ሲንጫጫ እዚያ የሚሰማው የሸራና የመቅዘፊያ ድምፅ ብቻ ነው። ልጆቹ ከልጆቼ ጋር የሚማሩ አንድ ጣሊያናዊ ወዳጄ መኝታና ትንሽ ማብሰያ ያላት የሸራ ጀልባ አለችው። አባቴ ከደብረ ዘይት መጥተው እኛ ጋ በሰነበቱበት ዓመት፣ “አባትህንም ልጆቹንም ይዘህ ና፣ ውሃው ላይ እንረፍ” ብሎ ጋበዘን። አንጉይላራ ከምትባለው ከተማ ዳርቻ ጀልባዋን አስረን፣ ቀን እየቀዘፍንና እየዋኘን፣ ማታ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ እየጠበስን ከረምን።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክነት ነው። ጀልባዋ ላይም እጃቸው አላረፈም። የሸራው ገመድ የሚያልፍበት መዘውር ነክሶ እንቢ ሲል ወዳጄ ሊጥለው ነበር። አባቴ ተቀብለው ጭናቸው ላይ ፈቱት፤ የገባበትን አሸዋ በመሐረባቸው ጥግ ጠርገው፣ የወይራ ዘይት ጠብ አድርገው መልሰው ገጠሙት። ለልጆቼ ደግሞ በወረቀት ናፕኪን ላይ አውሮፕላን ይስሉላቸው ነበር፤ የድሮ አውሮፕላን ክንፍ በእንጨት አጥንት ላይ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ቀለም ተቀብቶ እንደሚሠራ መስመር በመስመር ያሳዩአቸዋል።

ከኢትዮጵያ ሲነሡ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ፀሐይን” ማየት። ፀሐይ በኢትዮጵያ ምድር የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት። ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. ሠራት፤ ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ወጣ። ብዙም ሳትበር ወራሪው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ እሷም ተማርካ ወደ ጣሊያን ተወሰደች። በኋላ የተቀመጠችው በጣሊያን አየር ኃይል ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ያለው ደግሞ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል ስፍራ፣ እኛ ከከረምንበት ከዚያው ከብራቻኖ ሐይቅ ዳር ነው። ድሮ የጣሊያን ጦር የአየር መርከቦቹን የሞከረበት፣ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችንም ያቆመበት ሰፈር ነው። ሀንጋሮቹ ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ከውሃው ማዶ ይታያሉ።

አባቴ ገና በመጀመሪያው ጠዋት በጣታቸው አሳዩኝ። “እዚያ አይደለችም እንዴ ልጄ?” አሉኝ። አዎን አልኩ። “ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?” አሉ። “ዛሬ ዝግ ነው” አልኳቸው።

ዝግ አልነበረም። ክፍት መሆኑን በደንብ አውቅ ነበር።

ለምን ዋሸሁ? ወዳጄን ፈርቼ ነው። የአባቴ አባት ማይጨው ዘምተው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ ከሰማይ ስለወረደውና ቆዳ ስለሚልጠው ጠል ለልጃቸው ነግረዋቸዋል። አባቴ ፀሐይ ፊት ከቆሙ ያንን ሁሉ እንደሚያነሡት፣ ልጆቼም ለወዳጄ ልጆች እንደሚተረጉሙት ገባኝ። ጀልባውን ሰጥቶ፣ ዓሣውን ጠብሶ በሚያስተናግደን ሰው ፊት አያቶቹ ያደረጉትን መዘርዘር ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ያ ጠል የመርዝ ጋዝ ነበር፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ጦሩ በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በ1988 ዓ.ም. አምኖ ነበር። መንግሥታቸው አደባባይ ያመነውን ነገር እኔ በአንድ ጀልባ ላይ እንዳይነሣ ስል አባቴን ዋሸሁ።

በማግስቱ ነፋስ አመካኘሁ፤ ከዚያ የልጆች ዋና፤ ከዚያ ድካም። ወደ ሮም ስንመለስ ወደ ሙዚየሙ የሚያስገባውን መንገድ የሚጠቁመው ታቤላ ጋ ደረስን። መኪናዬን ቀስ እንኳ ሳላደርግ አለፍኩት። አባቴ በመስኮቱ አይተውታል። “ይሁን፣ ሌላ ጊዜ” አሉ። ሌላ ጊዜ አልመጣም። አገራቸው ተመልሰው ታመሙ፤ በዚያው ዐረፉ።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ፀሐይን ለኢትዮጵያ አስረከበች። ሮም ያለን ሐበሾች ደስ ብሎን በስልክ ተጠራራን። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ የነበረውን ስሜት ያስታወሱም ነበሩ። እኔ ግን ደስታዬን መጨረስ አልቻልኩም። አባቴ እሷን ሊያዩ ከአገር ወጥተው ነበር፤ እሷ አገሯ ስትገባ እሳቸው የሉም።

ያን ሰሞን ለወዳጄ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “አንድ ጊዜ ብትነግረኝ ራሴ ይዣቸው እሄድ ነበር፤ ልጆቼም ከእሳቸው አፍ ይሰሙ ነበር” አለኝ። ያዘነው በአባቴ ጥያቄ ሳይሆን በእኔ ዝምታ ነው። እኔ ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ፣ እውነትን መሸከም የማይችል ሰው አድርጌ ገምቼው ነበር። አባቴን በድዬ እሱንም አሳነስኩት። የአራት ልጆችንም ዕድል አባከንኩ፤ ሙያውንም ታሪኩንም የሚያውቅ ሰው ፀሐይ አጠገብ ቆሞ እየዳሰሰ ሊያስረዳቸው ይችል ነበር። አሁን እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እነግራቸዋለሁ፤ የሳቸውን ያህል አልሆነም።

ወላጅ አስመጥተን ስናስተናግድ ፕሮግራሙን የምናወጣው እኛ ነን። ቫቲካንን፣ ኮሎሴዮን፣ ሐይቁን እናሳያለን፤ ፎቶ አንስተን አገር ቤት እንልካለን። እነሱ ደግሞ እንግዳ ስለሆኑ አይሟገቱንም፤ ቋንቋውንም መንገዱንም ስለማያውቁ ያልናቸውን ያምናሉ። ያ እምነት ነው የእኔን ውሸት ቀላል ያደረገው። እባካችሁ፣ እናት ወይም አባት አንድ ነገር ብቻ ለይተው ከጠየቁ፣ መጀመሪያ እሱን አድርሱላቸው። የማይመች ወሬ ቢከተልም ይከተል፤ ቤተሰብ ያንን ይችላል፤ እውነተኛ ወዳጅም ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን በመጨረሻ ልናገር። አባቴ ደብረ ዘይት ሲመለሱ፣ ጡረታ የወጡ ባልደረቦቻቸው “ፀሐይን አየሃት?” ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። “ዝግ ሆኖብን ነው እንጂ ልጄስ ሊያሳየኝ ነበር” ብለው መልሰውላቸዋል። ይህን እኅቴ የነገረችኝ ከለቅሶው በኋላ ነው። ውሸት የማያውቁ ሰው የእኔን ውሸት ለጓደኞቻቸው አደረሱ፤ ያውም እኔን እያመሰገኑ። ከእነዚያ ሰዎች ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ። ቃሉን ማረም የእኔ ግዴታ ነው፤ ሙዚየሙ ክፍት ነበር፤ ያልወሰድኳቸው እኔ ነኝ።