በአርዲቦ ዳር እግር መምታት

አርዲቦ ዳር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ «ወደ ውኃው እንዳትቀርብ» ሳይል የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እኛም ብዙ ዘመን ይህንኑ ስንል ኖርን። ልጆቻችን ግን ከብት ለማጠጣትም ልብስ ለማጠብም ወደ ሐይቁ መውረዳቸው አልቀረምና፣ ከመከልከል ይልቅ አጠገባቸው ቆሞ ዋና ማስተማር ይሻላል ብለን ቆረጥን።

የመጀመሪያው ቀን ስሕተት ግን የእኛ ነበር። ትንሹን ልጃችንን ውኃው እስከ ወገቡ በሚደርስበት ስፍራ በሆዱ አስተኝተን «በርታ፤ በኃይል ምታ!» እያልን ጮኽንበት። እርሱም እንደ ታዘዘው ጉልበቱን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ረገጠ። ርጭቱ እስከ ፊታችን ሲደርስ ጉብዝና መስሎን ሳቅን። ወዲያው ትንፋሹ አለቀ፤ እግሩ ቁልቁል ወረደ፤ ራሱም ተከተለ። በእግዚአብሔር ቸርነት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቀን ነበርና ይዘን አወጣነው፤ አንገታችንን አቅፎ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቃችን አሳፈረን። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ውኃ አልነካም።

እንደገና የጀመርነው ከዳር ነው። በድንጋይ ላይ አስቀምጠን እግሩን ወደ ውኃው አስዘረጋነው። እግር የሚንቀሳቀሰው ከዳሌ ነው፤ ጉልበት ላላ ብሎ ይከተላል እንጂ አይመራም። የእግር ጣት ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ቁርጭምጭሚትም እንደ ዓሣ ጭራ ይላላል። ምቱ አጭርና ፈጣን ሆኖ ተረከዝ ከውኃው እምብዛም አይወጣም፤ ውኃውም እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል እንጂ አይረጭም። ቀጥሎም ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን አስይዘን በሆዱ አስተኛነው። ራሱን ቀና ባደረገ ቁጥር እግሩ ስለሚሰጥም፣ ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ ትንፋሹን በዚያው እንዲያወጣ አስለመድነው። (ጀሪካን መለማመጃ ብቻ ነው፤ ከእጅ ያመልጣልና ጥልቁን ያሻግረኛል ብሎ ልጅ እንዳይታለል።) አርዲቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነውና ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የዚያን ቀን ትምህርት አበቃ እንላለን።

አያቱ «ይህ የጨዋታ ነገር ምን ያደርግላችኋል?» ማለታቸው አልቀረም። እኛም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አነበብንላቸው፤ የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ ሲሰበር የመቶ አለቃው ዋና የሚያውቁት አስቀድመው እንዲዘልሉ አዘዘ፤ የቀሩትም በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው ወደ ምድር ደረሱ። አያቱም ጀሪካኑን አየት አድርገው «እንግዲያስ ሳንቃው ይኸው ነዋ» አሉ።

ባለፈው ሰሞን ልጁ ጀሪካኑን ትቶ አሥር ርምጃ ያህል ወደ እኛ መጣ። ዐይናችን እያየው፣ ጆሮአችን የለመደውን ርጭት ስላጣ ደንግጠን እጃችንን ዘረጋን። እርሱ ግን እጃችንን ሳይነካ በጎናችን አለፈ።