ምክር የሚያስተምሩ ሰዎችን የመረጥንበት ክረምት

በእነዚህ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ የምታነቡት ስለ ባልና ሚስት ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ሲባል ገጹን ለመግለጥ እጃችሁን እንዳትዘረጉ! ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤታችሁ ይገባል።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሦስት መምህራንን ጠርቶ ሁለት ሥራ ሰጠን። አንደኛው የካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪ ኮርሶችን አንድ በአንድ አይቶ መከለስ ነው። ሁለተኛው በዚያው ፕሮግራም ለወጣ አንድ የመምህርነት ቦታ ያመለከቱትን መዝኖ ማቅረብ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠቅስም። በከተማችን ስሙ የገነነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተጀምሮ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ግን አይደለም። በነገራችን ላይ ከዚያ ወዲህ የአዳማ ወላጅ ሁሉ ልጁ ኢንጂነር እንዲሆንለት ያስጸልያል። «ልጄ ሰው የሚያዳምጥ ይሁንልኝ» ብሎ የጸሎት ርዕስ ያቀረበ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰነዶቹን ይዤ ወደ ቤት ገባሁና የሳሎኑን ጠረጴዛ ሞላሁት። የምክር ንድፈ ሐሳቦች፣ የቡድን ምክር፣ የሥነ ልቦና መለኪያዎች፣ የጋብቻና ቤተሰብ ምክር፣ የምርምር ዘዴ፣ የተግባር ልምምድ፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ቡናውን ይዛ መጥታ ከላይ ቆማ ዝርዝሩን አነበበች። ጣቷን በአንዱ መስመር ላይ አሳርፋ፣

«ልምምዱ አንደኛ ዓመት ነው፤ ሥነ ምግባሩ ሁለተኛ ዓመት። ታዲያ ልጆቹ ምሥጢር መጠበቅን የሚማሩት የሰውን ምሥጢር ከሰሙ በኋላ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ሰነድ ለዓመታት ሳስተምርበት አላየሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ማንን እንዳስታወሰች አውቄያለሁ፤ እሷም ማወቄን አውቃለች።

በ1997 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን የጋብቻ አገልግሎት ውስጥ ነበርኩ። ወጣት ባልና ሚስት ከወንጂ እየተመላለሱ ይጎበኙን ነበር። አንድ ቀን ሚስቲቱ ብቻዋን መጥታ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር ነገረችኝ። ምን እንደሆነ አልጽፍም። እኔ ግን ያኔ ከባድ ሸክም ሆኖብኝ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ «እንጸልይበት» ብዬ አቀረብኩት። ስም አልጠራሁም። ስም አለመጥራቴ በቂ መስሎኝ ነበር! ከወንጂ የሚመላለሱ ስንት ጥንዶች ነበሩን? በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ባልየው ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አላየናቸውም፤ ሻሸመኔ ገቡ ሲባል ሰማን።

ማንም አልገሠጸኝም። ስለ ጸለይን ጥፋት አልመሰለንም። ምሳሌ 11፥13 ላይ ሰብኬ የማውቅ ሰው ነኝ።

ወደ ኮርሶቹ ልመለስ። የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለው ትምህርት ለአንዳንዶች የደንብ ንባብ ይመስላል። እንዲያውም ከሁሉ በላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚጠቅመው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አማካሪ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሰውዬው አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ ምን ምሥጢር ሆኖ እንደሚቀርና ምን እንደማይቀር ይነግረዋል። ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል ካሰበ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ፣ እነዚህ ለብቻቸው ናቸው። ከዚያ ውጭ ያለው የተናጋሪው ነው። «ለሽማግሌዎች ላካፍል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እርሷ እምቢ ካለች እምቢ ነው። እኔ አልጠየቅኋትም።

ኮርሱን ወደ መጀመሪያው ሴሚስተር ለማምጣት ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። የተቃወመን ሰው አልነበረም፤ ያስቸገረን የክፍል ድልድሉ ነው።

የጋብቻና ቤተሰብ ምክር ላይ ሌላ ጉድለት አገኘን። መማሪያው በሙሉ የውጭ አገር ነው፤ ስለ አገራችን የቤተሰብ ሕግ አንድም ገጽ የለውም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል፤ ሽማግሌ የቀረው ማስታረቅ ነው። ኦሮሚያም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ምሩቃኖቻችን ይህን ሳያውቁ ጥንዶችን ሊያማክሩ ነው። አንድ የሕግ መምህር እንዲጋበዝ ጻፍን።

የተከራከርነው በተግባር ልምምዱ ላይ ነው። በአሜሪካ የካውንስሊንግ ትምህርትን የሚመዝነውና ካክረፕ የሚባለው አካል (የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው) ተማሪው መጀመሪያ ቢያንስ 100 ሰዓት፣ ቀጥሎም 600 ሰዓት እንዲለማመድ ያዛል። ከ600ው 240ው ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚያሳልፈው ነው፤ በየሳምንቱም አንድ ልምድ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ሥራውን ያይለታል። የኛዎቹስ? አንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ይመደባሉ፣ ቅጽ ያስፈርማሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። አንዱ ባልደረባችን «እሱ አሜሪካ ነው» አለ። ልክ ነው፤ 700 ሰዓት አንችልም። ግን እዚሁ ናዝሬት (ያኔ ስሟ እንደዚያ ነበር) ሜኖናውያን ሚሲዮናውያን በኃይለማርያም ማሞ ሆስፒታል ድሬሰሮችን ያሠለጠኑት በወረቀት ብቻ ነበር እንዴ? ድሬሰር መርፌ ሳይወጋ፣ ቁስል ሳያጥብ፣ ከበላዩ የቆመ ሰው እጁን ሳያርመው ድሬሰር አልተባለም። ነፍስ ከቁስል ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃታል?

እናም ሰዓቱን ጨመርን። ብዙ አይደለም። የሚቆጣጠረው ሰው ግን ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ሁለተኛው ሥራችን መጣ።

አመልካቾቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው በትምህርት ሥነ ልቦና ሦስተኛ ዲግሪ ያለው፣ በርካታ የምርምር ጽሑፎች ያሳተመ፣ ጨዋና ብሩህ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት፣ ከዚያ ወዲህ ባቱ (ዝዋይ) እየኖረች በትምህርት ቤትና በጤና ተቋም ሰው ስታማክር የኖረች እኅት ናት፤ ያሳተመችው ነገር የላትም። ሦስተኛው... ሦስተኛው ወንድሜ ነው። የሥጋ አይደለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ የጸሎት ቡድን አብረን ያለቀስን ሰው ነው።

ባለቤቱ ለባለቤቴ ደወለች። ቀጥሎ እርሱ ራሱ መጣና «ውለታ አልጠይቅህም፤ ብቻ እወቅልኝ» አለኝ። ይህች «እወቅልኝ» የምትባል ቃል በአገራችን ስንት ቅጥር ፈጽማለች! ሌሊቱን አልተኛሁም። መልካም መምህር እንደሚሆን አምናለሁ፤ ችግሩም እርሱ ነበር፤ ስለ ወደድኩት ይሁን ስለሚበቃ መለየት አቃተኝ። ጠዋት ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፍኩ፦ ከአንዱ አመልካች ጋር ቅርበት ስላለኝ ለማንኛቸውም ነጥብ አልሰጥም፤ በታዛቢነት ብቻ ልቀመጥ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ እንደ ከዳሁት ቆጠረው። «እኔን ለመርዳት የፈራኸው እኔን ስለምታውቀኝ ነው?» አለኝ። የመለስኩለት መልስ እስካሁን ደካማ ይመስለኛል።

በፈተናው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባችን እንደ ባለጉዳይ ሆና ተቀመጠች፤ አመልካቾቹ ተራ በተራ አነጋገሯት። በኦሮምኛ «ገራን ና ጉበቴ» አለች፤ ሆዴ ተቃጠለ እንደ ማለት ነው። ኦሮምኛ ያልቻለው የመጀመሪያው አመልካች ሲተረጎምለት ጨጓራ እንዳለባት ጠየቃት። ሳቅን። እርሱም አብሮን ሳቀ፤ ሰውዬው ትሑት ነው። የባቱዋ እኅት ግን ወንበሯን ትንሽ አስጠግታ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ «ማን አቃጠለው?» አለቻት። ባልደረባችን ማስመሰሉን ረስታ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው ያስተማረው ማዳመጥ ይህ ነበር። (ሮጀርስ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ሥነ መለኮት ተምሮ የተወ ሰው መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።) የኢዮብ ወዳጆችም አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ፣ በዝምታ በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት፣ ጥሩ አማካሪዎች ነበሩ።

ታዲያ ማን ተቀጠረ? የመመዘኛ ቅጹ ለዲግሪ፣ ለውጤት፣ ለኅትመትና ለማስተማር ብቃት ነጥብ አለው። ሰው ላማከረችበት ዓመት ነጥብ የለውም። የዚያ ቀን ሙከራ ከ«ማስተማር ብቃት» ውስጥ ጥቂት ነጥብ ነበር። ቦታውን ሦስተኛ ዲግሪ ያለው አገኘ። እርሷን ልምምዱን እንድትቆጣጠር በትርፍ ሰዓት ቀጠርናት፤ ክፍያው የመንገዷን ወጪ ከሸፈነ ጥሩ ነው። ቅጹ ላይ የአገልግሎት ልምድ እንዲጨመር ያቀረብነው ሐሳብ ገና አልተወሰነም። ወንድሜ በጉባኤ ሌላ ረድፍ ይቀመጣል። በገና ቀን ግን ልጁን ልኮ እንኳን አደረሳችሁ ብሎናል።

የካቲት ላይ ከባለቤቴ ጋር ሻሸመኔ ወረድን። አድራሻዋን ለማግኘት ብዙም አልተቸገርንም፤ ሃያ ዓመት ያላገኘኋት ባለመፈለጌ ነው። በሯን ከፈተች፣ አወቀችኝ፣ «ግቡ» አለች። ባሏ ገበያ ወጥቶ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። ቡናውን እስክትቀዳ ምንም አልመለሰችም። ከዚያ «ያን ጊዜ የጎዳኝ ማወቃቸው አይደለም፤ አንተ ስትነግራቸው እያዘንክልኝ መሆኑ ነው» አለች። ታሪኩን እንድጽፈው የጠየቅኋት ስንሰነባበት ነው፤ «የኔን ነገር ሳትነካ» ብላ ፈቀደችልኝ።

በሩ ላይ ሳለን የእኅቷ ልጅ ትዳር እየታመሰ መሆኑን ነገረችኝ። የሚያናግራት ሰው ታውቃለህ ወይ አለች። እኔ ላናግራት አላልኩም። ባቱ ያለችውን እኅት ስልክ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት።