ጌሙ ስለ ምንድን ነው?

እዚህ ሐዋሳ አብሮኝ የሚኖረው የልጅ ልጄ የኮምፒውተር ጌም መሥራት ይፈልጋል። እናቱ «ሥራ ፈት ልትሆን ነው» ትለዋለች። እኔ ግን ሐሳቡን ጠየቅሁት። አንዲት ነርስ ክትባት ይዛ ገጠር ትወጣለች፤ ክትባቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ መድረስ አለባት። ነርሷ እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ ያጫወትኩትን አልረሳም።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊያኑ ራያንና ኤሚ ግሪን በካንሰር ስለሞተው ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌም አውጥተዋል። አዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን፣ የምትሸሸዋን ዶሮ፣ ሠርቷል።

«አያቴ፣ በረዶው መንገድ ላይ ቢቀልጥስ?» አለኝ።

«ልጅ አዝለው የጠበቁ እናቶችን ‹ሌላ ቀን ኑ› ማለት ነው» አልኩት።

«እሱም ይግባ» አለ።

ትምህርቱን ሳይተው እንዲሞክር እናቱን ለምኜለታለሁ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ጌም ልሥራ ሲል መጀመሪያ «ስለ ምን?» በሉት።